እማዬ ያለችው፣ እኔ የተረጎምኩት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 2

ዓምዴን ጨርሼ ለማኅበረሰባችን መጽሔት ላክሁ። የአባይነህ ሚስት፣ ባሏ ሩቅ ፎርት ማክመሪ ወርዶ ነዳጅ ሲያወጣ እሷ ፓይንሪጅ ቤታቸው ደጅ ሁለተኛ መኪና ማቆሟን ነካ አደረግሁ... ስም ሳልጠራ። ሁሉም ያውቃታል።

ከሰዓት ፓስተር ስምዖን ኮል አደረገ። የምንሰበሰብበት የማርልቦሮው አዳራሽ የፈረንጆቹ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌላ ፈላጊ መጥቶበታል። በዚህ የነዳጅ ግርግር ባዶ ቤት ከየት ይገኛል? ከታንክስጊቪንግ በዓል በኋላ ኮሚቴያቸው ይወስናል። እሁድ እንግዳቸው ሚስ ኤድና ናት፣ ወላይታ ሠላሳ ዓመት የኖረችው ሚሲዮናዊት። እማዬ ትመስክር፣ አንቺ ተርጉሚ አለኝ። እማዬን ፊደል ያስቆጠረቻት ሚስ ኤድና አይደለች? እማዬ ከደስታዋ ያልቆሸሸ ነጠላዋን አጠበች።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

አዳራሹን ልናሰናዳ ሄድን። የሚስ ኤድናን የድሮ ፎቶዎች አሳድገው ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል። እማዬ አንዱ ጋ ቀጥ አለች። ቆዳ ያገለደመች፣ ካሜራውን በጥርጣሬ የምታይ ሴት።

«እናቴ ናት» አለች።

ከሥሯ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አንብቢልኝ አለችኝ። «ብርሃን ሳይደርስ በፊት» ይላል።

«ስሟስ?»

የለም። ሚስ ኤድና በቅሎ ላይ የተቀመጠችበት ፎቶ ሥር ግን የበቅሎዋ ስም አለ። ዴዚ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 7

እማዬ እህል አልቀመሰችም።

ሚስ ኤድና ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። እማዬን በልጅነቷ ኩፍኝ ሲጥላት አልጋዋ ሥር ያደረች ሴት ናት። ምን ብዬ ልጥላት?

ፎቶው ይውረድ ብዬ ለፓስተር ነገርኩት። ድምፁ ተሰበረ። «እህት ሮማን፣ አዳራሹን ካጣን ይሄን ሁሉ ሕዝብ የት ላድርሰው? እናታችን እንደ ሁልጊዜው ይመስክሩ፣ በቃ።»

እንደ ሁልጊዜው ማለት... ጨለማ ነበርን፣ ፈረንጆቹ መጡ፣ በራልን። ሃምሳ ዓመት ያለችው ነው። ምስክርነታችን ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የፊቱ ካልጠቆረ የኋላው አይነጣም።

እሁድ፣ ኦክቶበር 8



እማዬ ማይኩን ያዘች። ረጋ ብላ በአማርኛ እንዲህ አለች፦ «ያቺ ሴት እናቴ ናት። ስሟ ዳፋርሼ ነው። ሚስ ኤድና ሳይመጡ በፊት በወላይትኛ ጦሳ እያለች እግዚአብሔርን ትለምን ነበር። ለእኔም፣ ለጎረቤት ልጅም። ጨለማ ነበረች በሉ ተባልን፣ አልን። ከዛሬ ወዲያ አልልም።»

ኮሚቴው ፊት ለፊት ተደርድሯል። ፓስተር ስምዖን አየኝ። ዓይኑ ብቻ።

በእንግሊዝኛ ያልኩት፦ እናቴ በጨለማ ነበረች፣ ሚስ ኤድና ብርሃን አመጡልን፣ ጌታ ይመስገን።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሚስ ኤድና እያለቀሰች አቀፈቻት። ከኋላ የተቀመጡት የእኛ ሰዎች ሁለቱንም ሰምተዋል። 

መኪና ውስጥ እማዬ በመስኮት እያየች፦

«እኔ ያልኩት የሚያስጨበጭብ አልነበረም።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 19

አዳራሹ ተፈቀደልን። ፓስተር ስምዖን ሊያመሰግነኝ ደወለ፤ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እማዬ ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገረችኝም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች። በጥፊ ብትመታኝ ምናለበት?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 24

ጠዋት ደረቷን ይዛ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ላብ በላብ። ክሊኒክ ይዣት በረርኩ።

ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ሲል ተረጎምኩላት። ዞር ብላም አላየችኝ። ዓይን ዓይኑን እያየች በወላይትኛ ትነግረው ጀመር። ረጅም ነገር። አንዴ ደረቷን ነካች፣ አንዴ ጀርባዋን።

አባዬ ከሸዋ ለአውራጃ ሹመት የተላከ ሰው ነበር። ይሄ ቋንቋ ቤቱ ውስጥ እንዳይሰማ ከልክሎ ነው ያሳደገን። እማዬን ተናኘወርቅ ብሎ የሰየማትም እሱ ነው። የድሮ ስሟን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

«እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። ለሐኪሙ ቀጠለች።

እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ ብዕሩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ምን አሉ? አለኝ።

አላውቅም አልኩት።