ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ሦስት ሰው ሲገደል አየሁ። አንዱ በመርዝ፣ ሁለቱ በጥይት። ከዚያ ልብስ አጠብኩ።

ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ሰዎች የወንጀል ድራማ ለምን እንደሚወዱ ማጥናት። ደም፣ ሬሳ፣ እንባ... ምኑ ነው የሚያዝናናው? ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ የያዝኩት ርዕስ ነው። ታናሽ እህቴ በስልክ ስነግራት "ጋሼ፣ ሌላ ርዕስ ጠፍቶ ነው?" ብላ ሳቀች። ወዲያው ልጇ አለቀሰና ዘጋችው። እኔ ገና ማውራት መጀመሬ ነበር።

አከራዬ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ጩኸትና ተኩስ ስትሰማ ከርማ ዛሬ በር ላይ ያዘችኝ። "አንተ ፖሊስ ነህ እንዴ?" አይደለሁም አልኳት። "ድሮስ ፖሊስ መቼ ነኝ ይላል" ብላ ገባች። የዛሬ ጨዋታዬ በዚሁ አበቃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ አዲስ ተመልካች ጀመርኩ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጃቸው ሌላ ከተማ ናት። አንኳኩቼ መልስ ሳጣ በሩን ገፋ አደረግሁት፤ ድምፅ የለውም። ሳሎኑ መሀል ስደርስ ክው አሉ። "አንተ ልጅ! በሩ እንደሆነ አይናገር፣ አንተ ተናገር እንጂ!"

አሠራሬ ቀላል ነው። ወንበሬን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አደርግና ፊቴን ወደ ተመልካቹ አዞራለሁ። እኔ ስክሪኑን አላይም፤ ክፍሎቹን አማካሪዬ በፍላሽ ሰጥቶኝ ቀድሜ ጨርሻቸዋለሁ። የየሳምንቱን ገዳይ አውቃለሁ። የማየው የሰው ፊት ነው። መቼ ተጠጉ፣ መቼ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ መቼ ሳቁ... እጽፋለሁ። ስለ ታሪኩ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው።

ሌሎቹ ተመልካቾቼ አንድ ፀጉር አስተካካይና አዲስ ባልና ሚስት ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ድጋሚው ሲተላለፍ እሄዳለሁ። እስካሁን አንድ ገዳይ እንኳ አላገኙም። መምህርቷ ግን ድራማው ሳይጋመስ ጣታቸውን ቀስረው "ገዳዩ ይሄ የጥርስ ሐኪም ነው" አሉ።

እሱ ነው! እንዴት አወቁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ዛሬም አገኙ። ነርሷ ናት። እኔ እንኳ መጀመሪያ ሳየው አልጠረጠርኳትም ነበር።

ከጨረስን በኋላ እንዴት እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን የፈጀሁት የቤት ሥራ የገለበጠ ተማሪ ስይዝ ነው። ወረቀቱን ሳላይ ነው የምይዘው።"

ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት። የሂሳብ ጭንቅላት! ፍንጭ ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ መልሱ ይወጣል። ጥናቴ እዚህ ቤት ሊፈታ ነው መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 16

አማካሪዬ ከወንበሩ ተነሣ። "ወርቅ ነው ያገኘኸው! ተመልካቹ ራሱ መርማሪ ነው፤ ደስታው ከመፍታት ይመጣል። ዋናው ምዕራፍህ ይሄ ይሁን። ኅዳር ሳያልቅ አስረክበኝ፣ አለዚያ ዓመትህ ውሃ በላው።"

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ስልኬን አወጣሁ... እህቴ አላነሣችም። ለአከራዬ ብነግራት ደግሞ ገዳይ ያዝኩ የምል ይመስላታል። ተውኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 22

ማንም አልደወለም። ስልኩ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ቀሪ ሂሳቤን ጠየቅሁ። ይሠራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጢሜን የምላጨው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ለጥናት ጢም ይላጫል እንዴ?

መምህርቷ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ኩባያ አውጥተው ጠበቁኝ። አንዱ ጆሮው የተሰበረ ነው፤ እሱን ለራሳቸው ያደርጋሉ። ገዳዩን ዛሬም አወቁ። ከዚያ ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው አወሩልኝ። "አንዱ አሁን ሚኒስትር ነው አሉ። ዘጠኝ በሰባት ስንት እንደሆነ እስካሁን አያውቅም" አሉ። አብረን ሳቅን። እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነበር?

ተከታታዩ ሊያልቅ ሁለት ክፍል ቀርቶታል። በደንቡ፣ ካለቀ በኋላ ተመልካች ቤት አይኬድም። እሱን ዛሬ ማሰብ አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

ጉድ ፈላ።

ጣቢያው ዛሬ ያስተላለፈው ፍላሹ ላይ የሌለ ክፍል ነው። ለውጠውታል። ገዳዩን እኔም አላውቅም። ምን ቸገረኝ፣ የማየው እሳቸውን አይደል? ብዬ ተቀመጥኩ።

መምህርቷ አንዴ ቴሌቪዥኑን ያያሉ፣ አንዴ እኔን። ደግሞ እኔን። ግማሹ አለፈ፣ ጣት አልተቀሰረም። መጨረሻ ላይ "አትክልተኛው ነው መሰለኝ" አሉ። አልነበረም። አትክልተኛው ራሱ ተገድሎ ተገኘ።

"ዛሬ ምን ሆነሃል?" አሉኝ። "ፊትህ ምንም አይናገርም።"

"ፊቴ?"

ኩባያቸውን አስቀመጡ። "አትቆጣኝ ልጄ። እኔ ገዳይ ከቴሌቪዥን አግኝቼ አላውቅም። ካንተ ነው የማገኘው። ገዳዩ አፉን ሲከፍት እስክሪብቶህ ቆም ትላለች፣ ዓይንህን ትሰብራለህ። ልክ እንደ ገለበጠ ተማሪ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ፊትም እንደዚያው ነው ለካ! እኔ እሳቸውን ለማየት ፊት ለፊት ስቀመጥ፣ እሳቸውም ፊት ለፊቴ እንደተቀመጡ እንዴት አላሰብኩም?

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ስገምት ፊትህ ሲበራ አየኋ። ካልገመትኩ መምጣቱን ይተዋል ብዬ ፈራሁ።"

ቁጣ መጣብኝ፣ ወዲያው ጠፋ። ሻዬን ጠጣሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ለአማካሪዬ ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀና ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ቆፍጠን አለ። "በል ከጥናቱ አውጣቸው። ምዕራፉን በሌሎቹ ሥራ። ሁለተኛ እዚያ ቤት አትሂድ።"

ቅስሜ ተሰበረ። ለምዕራፉ ይመስለኝ ነበር። ደረጃውን ስወርድ ግን ያሰብኩት ስለ ሐሙስ ነው። ማን ጋ ልሄድ ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ሄድኩ። የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ቢያንስ ደህና ይሁኑ ልበላቸው ብዬ። ወረቀትም እስክሪብቶም አልያዝኩም። ወንበሬን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሳልወስድ ሶፋው ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እንደ ማንኛውም ሰው ድራማ አየን። ይሄኛው ፍላሹ ላይ ያየሁት ነው፤ ገዳዩ ሲናገር እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ እሳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም።

ሲያልቅ ጠየቅኳቸው። "መገመቱ ካልሆነ ምኑን ወደውት ነው የሚያዩት?"

የሪሞቱን ክዳን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ።

"መርማሪው ሲመጣ ነው የምወደው" አሉ። "ሟቹ ማንም ይሁን ማን፣ ሰው ቤት ይገባና ይጠይቃል። ያን ቀን ምን በላ? ከማን ጋር ቆመ? ምን አለ? ማን አየው?... ባለቤቴ ሲሞት ሐኪሙ 'ልብ ነው' ብሎ ፈረመ፣ አለቀ። ሰው መጣ፣ አይዞሽ አለኝ፣ ሄደ። ያን ቀን ምን አደረገ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ልጄ እንኳ እንዳያስለቅሰኝ ብላ አትጠይቀኝም። እኔ ደግሞ ሁሉንም ይዤ ቁጭ ብያለሁ።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ የመርማሪውን ድምፅ አወጣሁ።

"እትዬ፣ ያን ቀን ባለቤትዎ ጠዋት ምን ሲሠሩ ነበር?"

አዩኝ። ፈገግ አሉ።

"ጠዋት የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባ። ዛሬ ነገ ሲል ነው የከረመው፣ ሲጢጥ ሲል ጎረቤት ይሰማ ነበር። ቀብቶ ሲያበቃ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረገ 'ስሚ እስቲ፣ ዝም አለ!' አለኝ። እንደ ሕፃን ነው ደስ ያለው። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። 'ሰማሁ' አልኩት። መጥቼ ግን አላየሁለትም።"

"ከዚያስ?"

ነገሩኝ። ምን እንደበሉ፣ የቱ ወንበር ላይ እንዳሸለቡ፣ የቱ ጫማቸው ወልቆ እንደነበር። ሁሉንም ጠየቅሁ። አለቀሱ።

ስወጣ በሩን ከፈት ዘጋ አደረግሁት። ዝም ብሏል። "ጥሩ ሥራ ነው" አልኩ።

"ነው አይደል?" አሉ። "ጥፋቱ፣ ሰው ሲመጣ አልሰማም።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

አልሄድኩም። ድራማው አልቋል፣ ጥናቱም እሳቸው ዘንድ አልቋል። በምን ምክንያት ልሂድ? ባዶ እጄን ሄጄ "ዝም ብዬ መጣሁ" ልበል? አፈርኩ።

ጢሜን ግን ተላጭቼ ነበር።

እኔ ዛሬ ብሞት መርማሪው ማንን ይጠይቃል? አከራዬን። "ፖሊስ መሰለኝ" ትለዋለች። በቃ ይሄው ነው ፋይሌ።

አርብ፣ ኅዳር 18

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መምህርቷ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ትናንት ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?"

"እ... ቤቴ።"

"ማን አየህ?"

"ማንም።"

"ምን በላህ?"

"ዳቦ።"

"በደረቁ?"

"በሻይ።"

"ምስክር?"

"የለኝም እትዬ።"

"እንግዲያው ተጠርጣሪ ነህ። እኔ ዘንድ ሁለት ኩባያ ወጥቶ አንዱ ሳይነካ አድሯል። ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አላነሣሁትም።" ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። "መጪው ሐሙስ በገዛ እግርህ እጅህን ስጥ። ድራማ ኖረ አልኖረ።"

"እሺ" አልኩ። ከዘጉ በኋላ ግን ሳቅ መጣብኝ፣ ከት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

አከራዬ በሩን ደበደበችው። ተኩስ ሲሰማ አንድ ቀን እንኳ አንኳኩታ የማታውቅ ሴት! "ምን ሆነህ ነው?"

"ተይዤ ነው" አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። ገባችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። "ማን ያዘህ?"

ሁሉንም ነገርኳት።