የወንድሜ ቀንድ አውጣዎች

ቀጮ፣ ይህን እንዳነበብክ እኛ ቤት ሩጥ። የወንድሜን የዓሣ ገንዳ እንዳታጥበው።

ዛሬ በትምህርት ቤት ጉዟችን ላይ የሐይቁ ጠባቂ ከቢሮው ጀርባ ያለ ባዶ ገንዳ አሳየን። «አምና እንግዳ ይመጣል ብዬ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት፤ በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ተንሳፈፉ» አለ።

«ቆሻሻ ነበር አይደል?» አልኩት።

«ልጄ፣ ቆሻሻ ያልከው ጓዳቸው ነው። ቀንድ አውጣው የገንዳው ግድግዳ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ይግጣል፤ ተክሉ ከዓሣው ኩስ ይመገባል፤ ዓሣው ተክሉ የሰጠውን አየር ይተነፍሳል። አንዱን ስታወጣ ሌላው ይከተላል።»

ወንድሜ ገንዳውን ለምን እንደማይፈትግ ስጠይቀው፣ «ተወው፣ እርስ በርሱ ይተዳደራል» ይለኝ ነበር። እኔ ስንፍና መስሎኝ እስቅበት ነበር። አሁን እሱ በሕይወት የለም፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ እጠበው፣ ቀንድ አውጣዎቹንም ጣላቸው ብዬህ መጣሁ። ስልካችንን መምህሩ ሰብስቦታል፤ ይህ ካርድ ቅዳሜን ይቅደምልኝ እንጂ ሌላ መላ የለኝም። ወንድሜ በእጁ ካሳደገው ሁሉ ዛሬም የሚተነፍሱት የገንዳው ዓሦችና ቀንድ አውጣዎች ብቻ ናቸው።

ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ሳምልኝ፣ ታናሽህንም ጆሮዋን ቆንጥጥልኝ። አጥበኸው ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልቀየምህም። ብቻ መታጠቡ እንደሚገድላቸው እስክመጣ ለእማዬ አትንገራት፤ በየጠዋቱ እሷ ናት የምትመግባቸው።