ፓምፑን ያስቆምኩበት ጠዋት

ኤልሚርዬ፣

እዚህ ባሕር መሀል ያለው ወደባችን ከመርከብ የሚያራግፈውን የቀዘቀዘ ጋዝ የሚያሞቀው በባሕር ውሃ ነው። ፓምፑ ከውሃው ጋር ስቦ የሚፈጀውን የቀይ ዓሣ እንቁላል የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ ከልክ ካለፈ ሕጉ አስቁሚ ይለኛል። ዛሬ ጠዋት አለፈ።

አለቃዬ ኦቪድ «መርከቡ ካልተራገፈ እኮ ወደ ቤት የሚወስደን ጀልባ አይመጣም። ቅዳሜ የጓደኛሽን ልጅ ክርስትና የምታነሺ አልነበርሽም እንዴ?» አለኝ።

አስቆምኩት። ጸጥ ሲል የሽሪምፕ አጥማጅ ጀልባ ድምፅ ሰማሁ፤ የባልሽ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩ። የረግረጋችን የጭቃ ሽታ እንኳን ናፈቀኝ፤ እዚህ የሚሸተው ቀለም ብቻ ነው።

ልጅሽን እናቴ በኔ ፈንታ ታንሳልኝ። ይህቺ ፖስት ካርድ ሞላችብኝ፤ ሁሉንም ሳሚልኝ። አድጋ ለምን እንደቀረሁ ስትጠይቅሽ፣ ቀይ ዓሣ ጥበሺላት።

ኖሊያ