ከውጭ የተቆለፈ በር

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ፣ በብርድ ጊዜ የሚነሳብሽ ያ ሳል እንዴት አድርጎሻል? ዓይንሽስ? መነጽሩ ተስማማሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ወርውረሽው ፊደሉን በግምት ነው የምታነቢው? ይህን ደብዳቤ ልጅሽ እያነበበችልሽ ከሆነም እሷንም እንደምን ነሽ ብያታለሁ። ባልሽ ጋሼስ ደህና ነው? አሁንም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይውላል? የጣራው ማፍሰስስ መላ ተገኘለት? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። ዓይኔ ያያል፣ እህል ይወርድልኛል፤ የቀኝ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል። ከናፍቆትሽ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም ብልሽ ግን አታምኚኝም፤ ታውቂኛለሽና።

መልስ የዘገየብሽ ረስቼሽ አይደለም። በስልክ ስታገኚኝ ልጄ አጠገቤ ስለምትቀመጥ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም» ከማለት ሌላ አልናገርም። ዛሬ ሁሉም ወጥተዋል፣ ጠረጴዛው የእኔ ነው። የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ «ብቻህን አትኖርም» ብላ ወደ ቤቷ እንዳመጣችኝ ታውቂያለሽ። የማታውቂው የቤቱን ነገር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ እኔ ከመምጣቴ በፊት የተበላሸ ነው፤ በሩ ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ራሱ ደብዝዞ አይነበብም። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው። ቤቱ ግን ንጹሕ ነው። ምን አለፋሽ፣ ከንጽሕናው ብዛት እጅሽን የት እንደምታሳርፊ ይጨንቅሻል። የሳሎኑ ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈለትም፤ ስቀመጥበት ይንጫጫል፣ ስነሳ ሱሪዬን ይዞ ይቀራል። በረንዳውን በመስታወት ዘግተውታል፤ እሱን ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ፣ የጋዝ ሲሊንደሩና እኔ በጋራ ይዘነዋል።

በመጣሁ በጥቂት ወራት ዳቦ ልገዛ ስወርድ መታጠፊያው ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ወደቅሁ። ቅንድቤ ተሰንጥቆ ተሰፋ። ከዚያ ወዲያ ልጄ ወደ ፋርማሲዋ ስትሄድ ከእንጨቱ በር ውጭ ያለውን የብረት ፍርግርግ በጓጉንቸር ቆልፋው መሄድ ጀመረች። «ለአንተው ብዬ ነው አባዬ፤ ስልኩ አጠገብህ ነው፣ የምትፈልገው ሁሉ ቤት ውስጥ አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከውጭው በቀር የምፈልገው ሁሉ ቤት ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ምንም አልመሰለኝም። ሐዘኑ ገና ስለነበር መውጣትም አላሰኘኝም። እየቆየ ግን ግድግዳው ይጠብበኝ ጀመር። አስቢው እትዬ፣ ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስነዳ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ስመላለስበት የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ነው መስመሬ። ጢሜን መላጨት ተውኩ። ጨውና ስኳር ስለተከለከልኩ በየምግቡ አኮርፋለሁ። አማቼ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ኩርፊያዬን ሲያይ ሳህኑን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ይሸሻል። የልጅ ልጄ ድምቡሼ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «አባባ ዛሬ ምን ሠራህ?» ትለኛለች። የማንኪያውን መሳቢያ እንዳስተካከልኩ እነግራታለሁ። እሷም አምናኝ መሳቢያውን ከፍታ ታያለች።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሌላ ነው። በቀድሞው ቤቴ ብርጭቆ ሳነሳ፣ መጋረጃ ስገልጥ፣ ባለቤቴ ትዝ ትለኝ ነበር። እዚህ የእሷ እጅ የነካው ዕቃ የለም። የሳቋ ድምፅ ከጆሮዬ እየራቀብኝ መጣ። እሷን ለማስታወስ እንኳ የምሄድበት ቦታ አጣሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የውሃው ነገር የመጣው። ጠዋት ውሃ ጠፍቶ ነበርና ልጄ ስትጣደፍ የወጥ ቤቱን ቧንቧ እንደተከፈተ ትታው ወጣች። ማጠቢያው ውስጥ የተደራረበው ሳህን መውረጃውን ደፍኖታል። እኔ በረንዳው ላይ ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ የነቃሁት እግሬን ሲቀዘቅዘኝ ነው። ውሃው ሳሎኑን አልፎ እኔ ጋ ደርሷል። እየተንቦጫረቅሁ ሄጄ ቧንቧውን ዘጋሁ። ዞር ስል ፍሪጁ የተሰካበት ማከፋፈያ ውሃው ውስጥ ተኝቶ ጭርር ይላል። ውሃ ሳይሆን ሞትን ረግጬ ያለፍኩ መሰለኝ። የቤቱ የመብራት ዋና ማጥፊያ ያለው ደግሞ ከፍርግርጉ ውጭ፣ ደረጃው ግድግዳ ላይ ነው። ወገቤን በግድግዳው ደግፌ እስከ በሩ ደረስኩና የእንጨቱን በር ከፈትኩ። እጄን በብረቱ መሃል አሾልኬ ብዘረጋው ብዘረጋው አይደርስም።

በዚህ መሃል ከታች ፎቅ የምትኖረው ፀጉር ሠሪ እየጮኸች መጣች። ሳሎኗን ፀጉር ቤት አድርጋ የምትሠራ ሴት ናት፤ ጣራዋ አፍስሶ ደንበኛዋን ከነአረፋዋ ጥላ ነው የወጣችው። «ሰውዬ ልታሰጥመን ነው እንዴ? ክፈት!» ትለኛለች። እኔም «መጀመሪያ መብራቱን አጥፊልኝ፣ ከአንቺ ጀርባ ነው» አልኳት። ሁኔታዬን አይታ ሳትከራከር አጠፋችው። ቀጥላ «በል አሁን ክፈት፣ ላግዝህ» አለች። በቀስታ «ተቆልፎብኝ ነው» አልኳት። ጓጉንቸሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ቁጣዋ ሁሉ ከፊቷ ወረደ። እትዬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለልጄ ደውዬ እስክትደርስ ሴትዮዋ አልሄደችም። ደንበኛዋን አለቅልቃ ተመለሰችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ከውስጥ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በፍርግርጉ መሃል ስለ ባሏ ነገረችኝ፤ እሱም ካለፈ ቆይቷል። «እኔም መጀመሪያ ቤት ዘግቼ ነበር፤ ግን እኔ የዘጋሁት ከውስጥ ነው» አለችኝ። ልጄ ላብ በላብ ሆና ስትደርስ ፀጉር ሠሪዋ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና «ልጄ፣ እኔ ዛሬ ባልሰማ ኖሮ አባትሽን በዚህ ብረት ውስጥ ነበር የምታገኚው» ብላት ወረደች።

ልጄና እኔ ጎንበስ ብለን ውሃውን በጨርቅ ስንጠርግ፣ ስንጨምቅ ቆየን። በኋላ ጨርቁን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ያረፈች ቀን እኔ ጢሜን ልስተካከል ወጥቼ፣ ሬሳዋን ያገኘችው ልጄ እንደነበረች ታስታውሻለሽ። ያልነገረችን ነገር ነበር። መጀመሪያ መጥታ አንኳኩታ ነበር። መልስ ስታጣ እናቷ የተኛች መስሏት ገበያ ደርሳ ተመለሰች፤ በሩን በጎረቤት ያስከፈተችው ያኔ ነው። «ቁልፍ በእጄ ቢኖር ኖሮ እደርስላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ከእጄ ሲወጣ እጨነቃለሁ» አለችኝ። ለካ እኔ ተቆለፈብኝ ስል እሷ ያ በር ላይ እንደቆመች ናት። ሐኪሙ ያኔ በቅጽበት ያለቀ ነገር ነው ማለቱን ነገርኳት፤ ታውቀዋለች፣ ግን ማወቅ አልጠቀማትም። ራሷን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ያዝኳት።

በማግስቱ ቁልፉን ሰጠችኝ። የሰጠችኝ ግን በደስታ እንዳይመስልሽ፤ ሁለት ጊዜ ዘርግታ ሁለት ጊዜ መልሳ ኪሷ ከታዋለች። ብቻዬን ስወርድ መደገፊያውን እንድይዝ፣ ስወጣም ስገባም እንድደውልላት ቃል አስገባችኝ። እሷም ከሥራ ስትመለስ የራሷ ቁልፍ እያላት ታንኳኳለች። እኔ ከውስጥ «መጣሁ» እላለሁ። ጉልበቴ ቀርፋፋ ስለሆነ እስክከፍትላት ትንሽ ትቆማለች፤ ድምፄን መስማቱ ግን እንደሚያሳርፋት ያስታውቃል።

አሁን ደህና ሆነ ብዬ እንዳልዋሽሽ። ስወርድ ደህና ነኝ፤ ስወጣ ነው ጉዱ። መሃል ደረጃ ላይ ተቀምጬ የምቀርበት ቀን አለ፤ የሚያልፈው ሁሉ «ልደግፍዎት» ሲለኝ «አየር እየወሰድኩ ነው» እላለሁ፣ በዚያ ጨለማ ምን አየር እንዳለ እንጃ። ሐኪሙ ጉልበቴ እየባሰበት እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ነግሮኛል። አንድ ቀን ማንም ሳይቆልፍብኝ የማልወጣበት ጊዜ ይመጣል።

ቢሆንም ባለፈው ሳምንት በድሮው መስመሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሹፌሯ ወጣት ሴት ናት፤ ፍሬን ስትይዝ የእኔም እግር ወለሉን ይረግጣል። በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ሹፌር መንገዱን እንጂ ዳርና ዳሩን አያይም። ባለቤቴ ከኋላዬ ተሳፍራ ስትሄድ «ያቺን ሰማያዊ በር ያላትን ቤት አየሃት? ሀረጉ እንዴት እንደወጣባት?» ትለኝ ነበር። እኔም ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ «አዎ፣ ታምራለች» እላት ነበር። እውነትም አለች እትዬ። በሩ ቀለሙ ተላልጧል፣ ሀረጉ ግን እስከ ጣራው ደርሷል። አውቶቡሱ እዚያው ፊት ለፊት መብራት ይዞት ቆመ። እስኪበቃኝ አየኋት። ከረጅም ጊዜ በኋላ የባለቤቴን ድምፅ ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ሳለቅስ አዩኝ አላዩኝ ብዬም አልተሳቀቅኩም። ስመለስ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ፀጉር ሠሪዋ ቤት ጎራ አልኩና ጨው ያለበት ዳቦ ከእሷ ጋር በላሁ። ይህን ለልጄ እንዳታወሪብኝ።

እንግዲህ በደብዳቤሽ «ክፍልህ እንደ ነበረ ነው፣ አልጋህ ተነጥፎ ይጠብቅሃል፣ ና» ስላልሽው። ጽሑፍሽን እየደጋገምኩ አንብቤዋለሁ። ግን ያንን ዳገት ከመኪና መውረጃው እስከ ደጃፍሽ አልወጣውም። በሰው ሸክም ብደርስ እንኳ ከዚያ ወዲያ ከደጅሽ አልወርድም፤ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ያው መዘጋት ነው። አንቺም በእነዚያ ጉልበቶችሽ እኔ ጋ አትደርሺም። ይህን መጻፍ ነው ብዕሬን ያከበደብኝ። ምናልባት ዓይን ለዓይን አንተያይም እህቴ። እኔን መጠበቁን ተዪው። የልጅሽ ልጅ ትዳር ልትይዝ ነው ብለሽኛል፤ ክፍሉን ለሙሽሮቹ ስጪያቸው፣ አልጋውም የእነሱ ይሁን። በመጨረሻ አንቺ ጋ ስመጣ ከበሩ ኋላ ሰቅዬ የተውኩትን ወፍራም ካፖርቴን ግን ለማንም እንዳትሰጪ። ለአንቺ ይረዝምሻል፤ እጅጌውን ጠቅልለሽ ልበሺው። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ልበሺው።

ለጋሼ እጅ እነሳለሁ፤ ሬዲዮኑን ቀነስ አድርጎ አንዳንዴ አንቺንም ይስማሽ። ልጅሽን ጉንጮቿን ስሜያታለሁ፤ ባሏንም እንደዚሁ። ለሙሽሪትና ለእጮኛዋ ቤታቸው ይሙቅ በይልኝ። የጎረቤትሽን ልብስ ሰፊ፣ በሕይወት ካለ፣ የሰፋልኝ ሱሪ እስካሁን አልተተረተረም በይው። ልጄ እጅሽን ትስማለች፤ አማቼ በዝምታው ሰላም ብሎሻል፤ ድምቡሼ ከታች በቀይ እርሳስ የሣለችው አንቺን ነው፣ ፀጉርሽ ለምን እንዲያ እንደቆመ እኔን አትጠይቂኝ።

የማይጠግብሽ ወንድምሽ

አራተኛ ፎቅ፣ ከበረንዳው፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ