የሰባቱ ካሴቶች ቅደም ተከተል

ኅዳር 4፣ መርሳ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ካሴት 3፣ ገጽ ሀ አለቀ። ገጽ ለ መሀል ላይ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ ሄዶ ቆመ። ቴፑን የማሠራበት የመኪና ባትሪ ወደቀ፤ ኃይሉ አለቀ።

መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ወሩ። ኔትወርክ የለም። ከተማው በታጣቂዎቹ እጅ ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ልጃችን ዘንድ ናት፤ ወሬዋን አልሰማሁም። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝና ሱቁን በየጠዋቱ እከፍታለሁ። የሚመጣ የለም። ስለዚህ፣ ደብተሬ፣ ሠላሳ ዓመት የተውኩትን ሥራ ያዝኩ፦ ሰባቱን የፓንክ (የፈረንጅ ወጣቶች የጩኸት ሙዚቃ) ካሴቶች በቅደም ተከተል ማስቀመጥ። የቱ ቀደመ? የቱ ከየቱ ወጣ?

ያመጣቸው ሐጎስ ነው (ከዚህ በኋላ ሐ.)። አጠገቤ ያለው ጋራዥ የሱ ነው። ያኔ በአሰብ መንገድ የሹፌር ረዳት ነበር፤ ከአንድ መርከበኛ በአፋር ጩቤ፣ በጊሌ፣ ለወጣቸው። ጽሑፋቸው ለቋል። ዓመት የላቸውም። ያለኝ ጆሮዬ ብቻ።

ሐ. ትውልዱ ትግራይ ነው፤ መርሳ ከገባ ሠላሳ አራት ዓመቱ። ቤተሰቡን በሐምሌ አስወጣ። እሱ ጋራዡን ጥሎ አልሄድም አለ። ዛሬ ሻይ እየጠጣን፣ እነዚህ ታጣቂዎች የሄዱ ዕለት የምጠየቀው እኔ ነኝ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ኅዳር 7

በሁለት ቀን የባትሪ ዕረፍት አሥራ አምስት ደቂቃ አገኘሁ። እስካሁን የማምነው፦

ካሴት 1 መጀመሪያ ነው። ሦስት ኮርድ። በክራር ሞከርኩት፤ ለክራርም ይቀላል። የድሮ የነጭ ዳንስ ሙዚቃ ነው፣ ሰው ያጣደፈው። ካሴት 2 ከዚያ ይፈጥናል፤ አንዱ ዘፈን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። 3 ላይ ተቀባዮች ይመጣሉ፤ እንደ ሠርግ ሆታ ሁሉም ይጮኻል። 4 ሴት ናት። ከዜማው ትወጣለች፣ አትመለስም፣ ግድም የላት። 5 ዝግ ያለ፣ ወፍራም፣ የደከመው ሰው። 6 እና 7 ገና።

እምነቴ ይህ ነው፦ ፓንክ በፍጥነት ተወለደ፣ እያረጀ ዘገየ፣ ድምፁም ወፈረ። እንደ ሰው። ይህን ለሐ. ከነገርኩት ሃያ ዓመት አለፈው። ተከራክሮኝ አያውቅም።

ሼህ ሰይድ ከሶላት ሲመለሱ በሱቁ በር ቆሙ። ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ በወጣትነታቸው በመንዙማ ድቤ ይመቱ ነበር። ጥቂት ሰሙና፣ «ኧረ በአላህ፣ ይኸ ሰውዬ ምን አግኝቶት ነው?» አሉ። ንዴት ነው አልኳቸው። በማን? አላውቅም አልኩ። አሰቡበት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እስካሁን አልለቀቀኝም። መንዙማ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ እየሞቀ ይፈጥናል፣ መጨረሻው ላይ ሰው ይነሣል። «ያንተዎቹ እኮ ተነሥተው ነው የጀመሩት። ከዚያ የት ሊሄዱ ነው?»

ባትሪውን ለማትረፍ ቴፑን አጠፋሁ።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት

ይህን መጻፍ አለብኝ።

አንድ ታጣቂ መጣ። ጎልማሳ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት። ትንሽ ሬዲዮ ይዟል፤ ድምፅ የላትም። መሣሪያው በትከሻው ነበር። ወደ እኔ አልዞረም፣ አላስፈራራኝም። ይሠራል ወይ ብቻ አለኝ። የመጠገኛ ዕቃ የለኝም ብል ይሄድ ነበር።

ክፍያው ስንት ነው ሲለኝ የመኪና ባትሪዬን አሳየሁት። ጀነሬተር አላቸው። ሞልቶ ሊመልስልኝ ተስማማን።

የድምፅ ማጉያው ሽቦ ተበጥሷል። መበየጃውን በከሰል አግዬ አያያዝኩት። አሥር ደቂቃ። ባትሪውን በጋሪ ወስዶ ማታ ሙሉውን መለሰልኝ።

ለሐ. ነገርኩት። ለሼህ ሰይድም፤ በር ላይ ቆመው አይተዋል። ሼሁ «ለዘፈን?» አሉ። አዎ፣ ለዘፈን።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ሙሉ ባትሪ። የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን፣ በጥጥና በአረቄ አጸዳሁ። ካሴት 5ን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁ፤ በደንበኛ መሀል እንጂ ሳይቆራረጥ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ነገር ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ዘፈን የደከመ ሰው ነው። የመጨረሻው የሞተ ሰው ነው። በየዘፈኑ መሀል ድምፁ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ዘፋኝ እንዲህ አያረጅም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አያረጅም።

ሐ.ን ጠራሁት። ይህን ማን ቀዳው? እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። እኔ ነኝ አለ። አሰብ፣ መኪናው ሥር፣ ይቺን መርከበኛው አልለውጥም ስላለ የሱን ቴፕ ከኔ ጋር አገናኝቼ። የሱ ቴፕ በምን ነበር የሚሠራው? በባትሪ ድንጋይ።

አለቀ። የባትሪው ድንጋይ እየሞተ ነው የተቀዳው። በቴፑ ሞተር ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ጥቂት አዞርኩ። ቴፑ ፈጠነ። ዘፋኙ ቀጠነ፣ ወጣት ሆነ። ሁለታችንም ተያየን፦ የካሴት 1 ሰውዬ ነው። ራሱ። ያው ጊታር፣ ያው ከበሮ፣ ያው ሳል።

እኔ ሃያ ዓመት እርጅና ያልኩት ባትሪ ድንጋይ ነው።

ሐ. እስኪያነባ ሳቀ። «ታዴ፣ ፍልስፍናህን እኔ ነኝ ለካ የቀዳሁልህ!»

ከሳቁ በኋላ ሌላ ነገር ነገረኝ። መርከበኛው፣ እነዚህ ልጆች የሚለማመዱት ጋራዥ ውስጥ ነው ብሎት ነበር፤ መጫወት እንኳ በቅጡ አይችሉም፣ ባላቸው ዕቃ ነው የጀመሩት። ሐ. ካሴቶቹን የወሰደው ለዚህ ነው። ሠላሳ ዓመት አልነገረኝም። በኋላ ጋራዥ ስለከፈተ፣ ራሱን ከነሱ ጋር ያመሳሰለ እንዳይመስልበት።

ኅዳር 20

ዛሬ ሦስት ታጣቂዎች ሐ.ን ከቤቱ አውጥተው ጋራዡ አመጡት። የጭነት መኪና ቆሞባቸዋል። ከሱቄ በር ሁሉንም አየሁ፤ አንዱ መሣሪያውን ከሐ. ጀርባ አላነሣም። አምስት ሰዓት ሙሉ። የናፍጣ ፖምፓውን አውርዶ አጥቦ ገጠመው። መኪናው ተነሥቶ ወደ ውርጌሳ ሄደ።

እጁን ታጥቦ ሱቄ ገባ። አንድ ነገር አላልቶ ሊተውላቸው ይችል እንደነበር ነገርኩት። ተቆጣ። የተበላሸ መኪና ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፣ በዚህ ዕድሜዬ ልማር? አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ መንገድ ላይ ቢቆምባቸውስ፣ ተመልሰው ማን ጋ ይመጣሉ?

መልሱ ሁለት ነው። የቱ እውነቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ታኅሣሥ 2

ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ። ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት ብዙ።

ባትሪው ሳይወድቅ 6 እና 7ን ጨረስኩ። ገረመኝ፣ ደብተሬ። ካሴት 6 በእውነት ዝግ ያለ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል፤ ብሎን የሚያስተካክለው አይደለም። ቤዝ ጊታሩ ፊት ወጥቷል፣ ዋናው ጊታር ቀጥኗል፣ ከበሮው ባዶ መጋዘን ውስጥ እንደሚመታ። ሰውዬው አይጮኽም። ይናገራል። 7 ላይ ደግሞ ሬጌ ገባበት፤ ያ የጃማይካ ምት፣ የሚያነክስ። ማንም ያውቀዋል።

ስለዚህ እምነቴ ትክክል ነበር፣ ማስረጃዬ ግን ስሕተት። ዘግይተዋል። ግን ስላረጁ አይመስለኝም። 2 ላይ የሚቻለውን ያህል ፈጠኑ። ከዚያ ወዲያ ፍጥነት የለም። ቀስ ማለት ብቻ ነው ያልተሞከረው፤ ወይ የሌላ አገር ምት መዋስ። ይህን ለሼሁ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎን። የጮኸ ሰው ሲደክመው ማውራት ይጀምራል።» ከኔ አሳጥረው አሉት።

ቅደም ተከተል፦ 1 እና 5 አንድ ላይ፤ 3፤ 2፤ 7፤ 6። 4ን የት እንደማስገባት አላወቅሁም። ሴትየዋ ከማንም ጋር አትሄድም። ለብቻዋ ትቀመጥ።

ታኅሣሥ 12

ሄዱ። ሌሊት። ጠዋት መከላከያ በዋናው መንገድ ገባ። እልልታ ነው። ሰው ያለቅሳል። እኔም ወጣሁ። የሲሪንቃ ሰዎች በእግራቸው መጡ። የሞተ የሚፈልግም አለ።

ሐ. በሩን ዘግቶ ውስጥ ነው። አንኳኩቼ ዳቦ ሰጠሁት። አሁን አትምጣብኝ አለ።

ታኅሣሥ 15

ሐ.ን ወሰዱት። በከተማው ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ከታጣቂዎቹ ጋር የሠራ ይጠየቃል። አሥራ አንድ ሰዎች ተይዘው አዳራሽ ውስጥ ናቸው። የሐ. ክስ የጭነት መኪናው ነው። የሚሉት ይህ ነው፦ ተገዶ ቢሆን አበላሽቶ ይሰጣቸው ነበር፤ መኪናው ግን ያለ እንከን ሄደ። የሙያው ጥራት ተቆጠረበት።

ስንቅ ይዤ ሄድኩ። አላስገቡኝም። ከኮሚቴው አንዱ ደንበኛዬ ነው፤ «ጋሼ ታደሰ፣ እርስዎ ይመለሱ፣ እርስዎን የሚነካ የለም» አለኝ። በአክብሮት። እንደ ስድብ ሰማሁት፤ ለምን እንደሆነ እቤት እስክደርስ አልገባኝም።

ታኅሣሥ 16

የባትሪ ነገር ቀርቷል። ቴፑን አልነካሁም።

ሼህ ሰይድ ዛሬ ኮሚቴው ዘንድ ገብተው ነበር። በአገሩ ወግ የተያዘ ሰው በሁለት ዋስ ይወጣል፤ አንድ ከእስላም፣ አንድ ከክርስቲያን። ኮሚቴው ተቀብሏል፤ ግን ዋሱ እጁ ንጹሕ ይሁን፣ ለታጣቂዎቹ ምንም እንዳልሠራ ይማል ብሏል። ዋስ ያላገኘ ሰው ከነገ ወዲያ በመኪና ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የት እንደሆነ አይናገሩም። ሐ. ስኳር አለበት። መድኃኒቱ ካለቀ ወር አልፎታል።

የእስላሙ ዋስ እሳቸው ናቸው። የክርስቲያኑ እኔ እንደምሆን ሁሉም ያውቃል። ሠላሳ ዓመት አንድ ግድግዳ ነው የተጋራነው።

ሬዲዮዋን ሠርቻለሁ። በፈቃዴ። መሣሪያ ሳይዞርብኝ።

ለሼሁ፣ ብምልስ? አልኳቸው። ማን ያውቃል? እርስዎና ሐ. ብቻ። አልተቆጡም። ከውሸት መሐላ ጋር ጎን ለጎን ቆሜ ዋስ አልሆንም፣ እኔም እወጣለሁ አሉ። ከዚያ ዝግ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ የሐጎስን ያህል ተገደህ ነበር?» አልተገደድኩም።

ታኅሣሥ 17፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አልተኛሁም። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ እንደ ካሴት። እሱ በመሣሪያ ሥር፣ አምስት ሰዓት። እኔ በፈቃዴ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሙዚቃ ለመስማት። እሱ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሊጠይቀኝ ያሰበም የለም። «እርስዎን የሚነካ የለም» ማለት ይህ ነው። ልዩነታችን ስማችን ብቻ ነው።

ዋስ መሆን አልችልም። ምስክር መሆን ግን እችላለሁ።

ይህንኑ ለሼሁ ትናንት ማታ ነግሬአቸዋለሁ። ለክርስቲያኑ ዋስ የዳቦ ቤቷ እቴነሽ አለች፤ ለታጣቂዎቹ ዱቄት የለኝም ብላ ሦስት ወር የዘጋች ሴት። ሼሁ ከኔ ወጥተው ሄደው ለምነዋታል። «ሐጎስ የዱቄት ማሽኔን ስንት ጊዜ አስነሥቶልኛል፣ ምን ሊለምኑኝ መጡ?» ብላ ነጠላዋን ፈልጋለች አሉ።

እኔ የምናገረው፦ መጀመሪያ የኔን። ቀኑን፣ የታጣቂውን እግር፣ ሽቦውን፣ ባትሪውን። ምንም አልቀንስም። ቀጥሎ የሐ.ን፤ ያየሁትን፣ መሣሪያው የት እንደነበረ። ከዚያ እጠይቃቸዋለሁ፦ መጠገን ወንጀል ከሆነ እኔን ለምን አልወሰዳችሁም? ካልሆነ እሱን ለምን ያዛችሁ?

ሊያስቀሩኝ ይችላሉ። ብርድ ልብስ አጥፌአለሁ። የሱቁን ቁልፍ ለእቴነሽ እሰጣለሁ። ባለቤቴ ስልክ ሲመለስ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ አንድ ገጽ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሐ.ን ካወጡት ስንቁን ሳይበላ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሼሁ መጡ። ከዘራቸው በሩን እየነካ ነው። ጫማዬን አስሬ ይህን እጽፋለሁ። ዝናር የታጠቀ ሰው አዳራሹ በር ላይ እንደቆመ፣ ስም እየመዘገበ እንደሚያስገባ ነገሩኝ፤ እኔም ስሜን ስናገር ለምን እንደመጣሁ አብሬ አስመዘግባለሁ።