የእናቴን ፍቺ ላስወገዱት የመዝገብ ቤት ኃላፊ

ለተከበሩ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ለወገብዎ፣ ለዓይንዎና በተለይም ማኅተም ለሚመቱበት ቀኝ እጅዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ፊትዎን ለማየት አልታደልኩም፤ ሆኖም በወንበርዎ መደገፊያ ላይ የተሰቀለውን ኮትዎን በበሩ ክፍተት ደጋግሜ እጅ ነስቼዋለሁና ፈጽሞ አንተዋወቅም ማለት አይቻልም።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ደፍሬ ሳይሆን፣ በመስኮት ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች እርስዎ ዘንድ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ስለሚያረጁ ነው።

ጉዳዩ አጭር ነው። እናቴ ማግባት ትፈልጋለች። የሚያገባት ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ሲሆን፣ የማድቤታችንን ቧንቧ ሊጠግን መጥቶ፣ ቧንቧው ማንጠባጠቡን ካቆመ በኋላም መምጣቱን ያላቆመ ጨዋ ሰው ነው። እናቴ መጋረጃ እየሰፋች ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ከአባቴ ጋር በሕግ የተፋታችው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። ጋብቻዋን ለማስመዝገብ ቢሮዎ ስትመጣ የፍቺው ውሳኔ ዋናው ወረቀት ይቅረብ ተባለች። ቀሪውን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ባልደረቦችዎን ግራ ያጋባቸዋልና።

፩. ስለ መጠበቅ። ከመስኮትዎ አጠገብ «የፍቺ ውሳኔ፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ዕድሜ ልክ ይጠበቃል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እናቴ ምክርዎን ቃል በቃል ፈጽማለች። ወረቀቷን ላሚኔት አስደርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ቁምሳጥን ላይ ባለ ሻንጣ አኑራዋለች። ቤት በቀየርን ቁጥር ፍሪጁና አልጋው በጭነት መኪና ሲሄዱ፣ ወረቀቱ ግን ጋቢና ውስጥ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ይሄድ ነበር፤ እኔ ከኋላ ከፍራሾቹ ጋር ነበርኩ። ቢሮዎ በበኩሉ የእናቴን ፋይል አሥር ዓመት ጠብቆ አስወገደው። አንድ ሙሉ ሕንፃ መደርደሪያ ያለው መሥሪያ ቤት፣ አንድ ሻንጣ ካላት መጋረጃ ሰፊ ቀድሞ እንደሚደክመው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ዋናውና ስለ ኮፒው። እናቴ በጭኗ ያንከራተተችው ወረቀት ኮፒ ሆኖ ተገኘ። እኔን ትምህርት ቤት ልታስገባ የአሳዳጊነት ማስረጃ ያወጣች ጊዜ፣ የቢሮዎ ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አይቶ፣ ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም መትቶ ኮፒውን ለእሷ መለሰ፤ ዋናውን ፋይሉ ውስጥ በስቴፕለር ቀረቀረው። ስህተት መስሎኝ ነበር። የመስኮቷ ሠራተኛ ግን ሁልጊዜም የሚሠራው እንዲህ እንደሆነ፣ ዋና ወረቀት በሕዝብ እጅ ከቆየ እንደሚቆሽሽ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ንጽሕናውን ጠብቃችሁ፣ ንጹሕ እንደሆነ ስለጣላችሁት እናመሰግናለን።

፫. ስለ ማመሳከር። አሁን ደግሞ ኮፒው ከዋናው ጋር ካልተመሳከረ አይሠራም ተባልን። ፍርድ ቤቱ ጋ ሄድን፤ አሮጌ መዝገቦቹን ለእርስዎ እንዳስረከበ ነግሮ መለሰን። ፋይሉ መወገዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ቢሮዎ ይጻፍልን ብንል፣ የተወገደ ፋይል መኖሩን የሚያስረዳ ፋይል ስለሌለ አይጻፍም። ታዲያ ማኅተሙ የእናንተ አይደለም ወይ ስንል፣ የመስኮቷ ሠራተኛ መነጽሯን አውልቃ እናቴን «ማኅተሙማ የኛ ነው፣ የኔ እናት፤ ግን በኛ ማኅተም ማን ይተማመናል ብለሽ ነው?» አለቻት። ከቢሮዎ የሰማሁት እውነት ይኸው ብቻ ነውና ሠራተኛዋን እድገት እንዲሰጧት እጠይቃለሁ።

፬. ስለ ተሰጠን መፍትሔ። እናቴ እንደገና ትፋታ ተባለ። ለመፋታት ደግሞ ጋብቻው መታየት አለበት፤ የጋብቻ ወረቀቱን በፍቺው ጊዜ ተረክባችሁ የቀደዳችሁት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ እናቴ በእርስዎ ዘንድ ያላገባች፣ ያልፈታች፣ ማግባትም የማትችል ሆና ቁጭ ብላለች። እሷው ልኩን ያስተካከለችው የቧንቧ ሠራተኛው ሱፍ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በራችን ጀርባ ተሰቅሏል።

፭. ስለ አባቴ። አባቴ ከፍቺው በኋላ በዚሁ በእርስዎ ቢሮ፣ በእርስዎ ፊርማ፣ ሌላ ሴት አግብቷል። ሊረዳን ፈቅዶ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ የእሱም ኮፒ ሆነ። የመስኮቷ ሠራተኛ ሁለቱን ኮፒዎች ደርድራ ጥቂት ካሰበች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ባይነካኩት ይሻላል፤ ከተነካካ ሁለት ሚስት አለዎት» አለችው። አባቴ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። እናም ዛሬ አባቴ ከእናቴ የተፋታ ሰው ሲሆን፣ እናቴ ግን ከአባቴ አልተፋታችም። ይህን ነገር ሕግ የተማሩ ጓደኞቼን ጠይቄ ነበር፤ ሥቀው ሲያበቁ አዘኑልኝ።

፮. ስለ ኮሪደሩ። እዚህ ላይ ከምስጋና ወደ ልመና ልለፍ። የአባቴ የሁለተኛ ጋብቻ ፋይል ገና አልተወገደም። ውስጡም እሱ ያስረከበው የፍቺው ዋና ወረቀት አለ። ፋይሉ ይወገዳሉ ከተባሉት ጋር በገመድ ታስሮ፣ ቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ የአባቴን ስም በዓይኔ አንብቤያለሁ። እጄን ብዘረጋ ጥበቃው፣ የሚጣል ንብረትም ቢሆን የመንግሥት ነው ብሎ ከለከለኝ። ባልደረቦችዎም ሊወገድ የታሰረ ፋይል እንደማይከፈት፣ እስኪወገድ ድረስም ለማንም እንደማይሰጥ ነገሩኝ። ጭነት መኪናው በዚህ ወር መጨረሻ ይመጣል። ክቡርነትዎ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ተራምደውት የሚያልፉት ገመድ ነውና፣ አንድ ቀን ከመራመድ ይልቅ ጎንበስ ብለው ቢፈቱት እናቴ ታገባለች። የምንለምነው ይህንኑ ነው።

እኔ በዚህ ዓመት የተመረቅሁት በመዝገብ አያያዝ ነው፤ በቢሮዎ ለወጣው ክፍት የሥራ ቦታም አመልክቻለሁ። በዚህ ሙያ አሁንም ተስፋ አለኝ፤ አንድ ሰው ገብቶ «ዕድሜ ልክ ይጠበቃል» የሚለውን ማስታወቂያ ወደ ውስጥ አዙሮ ቢለጥፈው ብዙ ነገር ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ። ለማመሳከር የዲግሪዬን ዋና ስትጠይቁኝ በሁለት እጄ ይዤ ማሳየቴንና አለመልቀቄን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

ሌሎች ከወንበርዎ ሳይነሡ ዘመንዎ እንዲያልፍ ይመኙልዎ ይሆናል፤ እኔ ግን ለአንድ ጠዋት ብቻ እንዲነሡ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎም ለኮትዎም ያለኝን አክብሮት እገልጻለሁ።

የባለጉዳይዋ ልጅና የቢሮዎ ሥራ አመልካች

ድኅረ ጽሑፍ፦ የደረሰዎት የዚህ ደብዳቤ ኮፒ ነው። ዋናው በእናቴ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ዕድሜ ልክ ይጠበቃል። ማመሳከር ከፈለጉ ቤታችን ይምጡ፤ እናቴ አመሳክራልዎ ኮፒውን ይዘው ይመለሳሉ። ሲገቡ በሩ ጀርባ የተሰቀለውን ሱፍ ግን እንዳይነኩት፤ እሱ ገና አልተወገደም።