አይዘንብም ያልኩት ደመና

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9 ቀን 1999

መጣ። ጠዋት ከቤት ስወጣ በምዕራብ በኩል፣ በቡሬ አናት ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ነጭ፣ ስስ፣ በደጋን እንደተነደፈ ጥጥ ክር ክር ያለ። ሲረስ የሚባለው ደመና ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ቀና ብሎ ያየው ሰው የለም። ጎረቤቴን ብጠይቀው ሰማዩ ጠርቷል አለኝ።

ዘጠነኛ ክፍሎችም ያው ናቸው። ግማሾቹ በጂኦግራፊ ፈተና ላይ ደመና ሁሉ የውሃ ጠብታ ነው ብለው ጻፉ፤ በቀይ ሰረዝኩባቸው። ይኼኛው በረዶ ነው። እንፋሎቱ ብርዱ ከባድ ወደሆነበት ከፍታ ይወጣና ደቃቅ በረዶ ይሆናል። ነፋስ ይጎትተዋል። ክሩ ወደ ታች ሲወርድ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ይህን ሁሉ በትክክል አውቃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊትም አውቅ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ሌሊቱ ሞቃት ነበር። መስኮቴ ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ከትናንቱ ሦስት ዲግሪ ጨምሯል። የደመናው ሥራ ነው። ስስ ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፤ ምድር መልሳ የምትለቀውን ሙቀት ግን ይይዛል። ወፍራሙና ዝቅ ያለው ደመና ጥላ ነው፣ ያቀዘቅዛል፤ ይኼ ግን ምድር የደረበችው ጋቢ ነው። እንዲህ ያለው ሲበዛ ምድር ትሞቃለች እያልኩ ዓመት ሙሉ እጮሃለሁ። የሚሰማ የለም።

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳስብ የነበረው አይቸውን ነው። ታናሽ ወንድሜን። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ወር ነበር፤ ጤፉ ታጭዶ ማሳ ላይ ተኝቷል፣ እሱ ከቡሬ ወዲህ ካለው መንደሩ ድረስ መጥቶ ሰማዩን በጣቱ አሳየኝ። ልከምር ወይስ ይድረቅ? አለኝ። እኔ አስተማርኩት። ይኼ ደመና አይዘንብም አልኩት። እውነት ነው፣ እሱ ራሱ አይዘንብም። አንዳንዴ ዝናብ ያዘለው ከኋላው እንደሚከተል ግን አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። አይቸው ጤፉን ሊሸፍን ሸራ ይዞ ሮጠ። መብረቅ ማሳው መሃል አገኘው፣ እዚያው ቀረ። ሸራው ምንም አልሆነም። እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ እሱ ነው።

ባለቤቱ የሺ ዘንድሮም ዓርብ ዕለት ጤፏን አሳጭዳለች። ለመከመር ደቦ የጠራችው ለረቡዕ ነው፣ ለሚካኤል ማግስት። ማክሰኞ ማንም ሥራ አይነካም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ትምህርት ቤት አስፈቅጄ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ የሺ መንደር ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋን ቀለበት ከቧት ነበር። ደመናው እየወፈረ ነው ማለት ነው።

የሺን ዛሬውኑ እንከምር አልኳት። ጎረቤቷ አቶ ታፈረ አጥር ላይ ተደግፎ ሰማን። "መምህር፣ ሰማይ ቤት ዘመድ አገኙ እንዴ?" አለኝ። ቀጥሎ ግን ቁም ነገር ተናገረ፦ ጤፉ ገና እርጥብ ነው፤ እንዲህ ከተከመረ ከውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ልክ ነው። የሚያናድደኝም ልክ መሆኑ ነው።

የሺ ቀና አለች።

"አያ፣ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? እንደዚያን ጊዜ አያስተምሩኝ።"

ትክክለኛው መልስ "ሊዘንብ ይችላል" ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይዘንባል አልኳት። በዕድሜዬ ያላወቅኩትን ነገር አውቃለሁ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

እሷ፣ ሁለት እህቶቿና እኔ እስኪመሽ ነዶ ተሸከምን። እኔ የደረደርኩት ጎን ተንጋደደ። ታፈረ እየሳቀ መጥቶ አፈረሰው፣ እንደገና ሠራው፣ ጫፉንም እሱ ገጠመልን። እጄ ተላልጧል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እዚሁ አደርኩ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። አንድ ክር እንኳ የለም። ደመና፦ ዜሮ።

ከታቦቱ በኋላ ሰዎች ጠላ ይዘው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ታፈረ ዝናቡ ሚካኤልን ፈርቶ ነው የቀረው አለ። ሳቁ። የሺ አልሳቀችም፤ እኔንም አላየችኝም።

ይህን ልጻፈው፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ታቦቱ ሲዞር ዝናብ ተመኘሁ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ጤፍ ማሳ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የታፈረም ጭምር፣ በላዩ ላይ እንዲወርድ ፈለግሁ። እኔ ልክ እንድሆን። አይቸው ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። ሸራውን በእጁ ይዞ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ገና ሳይነጋ የሺ ከክምሩ ዘንድ ጠራችኝ። እጇን እስከ ብብቷ ሰዳ ነበር። "ሞቋል" አለች። እኔም ሰደድኩ። እንደ ታመመ ልጅ ገላ ነው።

ነግቶ ብርሃን ሲመጣ በምዕራብ በኩል ነጭ ክር ዳግመኛ ታየ። ሁለታችንም አየነው። ክምሩ ቢፈታና ቢዘንብ ይረጥባል፤ ሳይፈታ ቢቀር ይበሰብሳል። የዓመት ምግቧ ነው። አያ፣ ምን ይሻላል? አለችኝ።

"አላውቅም።"

ወደ ክምሩ ዞረች። ከዚያ አንድ ነዶ ስባ እያወጣች፣ ድምጿን ሳትቀይር፣ "ይችን ቃል ለአይቸውም ብለውት ቢሆን ይከምር ነበር" አለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ስትለው አልጮኸችም። 

የደቦው ሰው ደረሰ። ታፈረ እጁን ክምሩ ውስጥ ሰደደ፤ ዛሬ አልቀለደም። የሺ ግማሹ ይፈታ፣ ግማሹ ይቆይ አለች። የኔ ሐሳብ አይደለም፣ የራሷ ነው። የሞቀውን ወገን ፈተን ለፀሐይ ዘረጋን።

አሁን ስምንት ሰዓት ነው። የተዘረጋው መድረቅ ጀምሯል። ክሩ ሰፍቶ የሰማዩን ግማሽ ይዟል። የሺ አጠገቤ ቆማ ሽቅብ ታያለች። ምን እንደሚሆን አልጠየቀችኝም።